አንቲባዮቲክ ታዞ ሳለ ማስታገሻ፦ የትኛው፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት?

ብልቃጥ
ጤና ይስጥልኝ። ለጥርስ እብጠት አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር (የ625 ሚ.ግ ፍሬ) በየ8 ሰዓቱ ለ7 ቀን ታዟል። ስለ ማስታገሻ ግን ማዘዣው ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ታማሚው አዋቂ ነው፣ 70 ኪሎ ይመዝናል፣ የኩላሊትም ሆነ የጉበት ወይም የጨጓራ ሕመም የለበትም፣ ሌላ መድኃኒትም አይወስድም። ያለ ማዘዣ የሚገዛ ማስታገሻ አብሮ መዋጥ ይቻላል? በመካከላቸው ስንት ሰዓት ይቆያል? ፓራሲታሞል ይሻላል ወይስ አይቡፕሮፌን? ለሌሎቹ አንቲባዮቲኮች መልሱ የሚለይ ከሆነም ብትጨምሩበት ጥሩ ነው፤ ጥያቄው ቶሎ ቶሎ ስለሚነሳ ለሌላውም ይጠቅማል።

የመደርደሪያ_ሰው
ይቻላል። ሰዓት ማራራቅም አያስፈልግም፤ አሞክሲሲሊን በአብዛኛው በኩላሊት በኩል በሽንት ይወጣል፣ ፓራሲታሞልን የሚሠራበት ጉበት ነው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ አያበላሽም። «ሁለት ሰዓት አራርቁ» የሚለው ምክር ከየት እንደመጣ በኋላ የሚመጣ ይመስለኛል፤ እሱ የሌሎች መድኃኒቶች ጉዳይ ነው።

ለጥርስ ሕመም አይቡፕሮፌን ከፓራሲታሞል ይበረታል፤ እብጠቱን ራሱን ስለሚቀንስ። የጠቀስከው ዓይነት ሰው 400 ሚ.ግ በየ8 ሰዓቱ ሊወስድ ይችላል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደው የአይቡፕሮፌን ጣሪያ በ24 ሰዓት 1200 ሚ.ግ ነው፤ ሦስት ጊዜ 400 ማለት ልክ ጣሪያው ላይ ነው። ስለዚህ አራተኛ መጠን የለም።

ሰዓቱ እንዲህ ቢሆን ይመቻል፦ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት። በሦስቱም ሰዓት ምግብ ሲጀመር አንቲባዮቲኩ ይዋጣል (ክላቩላኒክ አሲድ ያለበት መድኃኒት በምግብ መጀመሪያ ላይ ሲወሰድ ማቅለሽለሹም ተቅማጡም ይቀንሳል)፣ ምግቡ ሲያልቅ አይቡፕሮፌኑ ይከተላል። ሕመሙ ይህን አልፎ ከጠነከረ ፓራሲታሞል 1 ግራም ሊጨመር ይችላል። አንድ ላይ ቢዋጡም ችግር የለም፤ ሁለቱ የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ ነው። ለጥርስ ሕመም ሁለቱ ተደምረው ለየብቻ ከሚሠሩት የተሻለ ያስታግሳሉ።

ሳልረሳው፦ መግል የያዘ ጥርስ በአንቲባዮቲክ ብቻ አይድንም። መግሉ መውጣት ወይም ጥርሱ መታከም አለበት። ማስታገሻው በደንብ ሲሠራ ሰው «ድኗል» ብሎ ቀጠሮውን ይተዋል፤ ከዚያ እብጠቱ ይመለሳል። እብጠቱ ወደ ምላስ ሥር ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ያኔ ስለ ማስታገሻ መነጋገር ቀርቶ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ሐሩር
@የመደርደሪያ_ሰው የፓራሲታሞሉን ጣሪያ አልጻፍክም። 4 ግራም የሚል አለ፣ 3 ግራም የሚልም አለ። የትኛው ነው?

የመደርደሪያ_ሰው
ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሰዉ ይለያያል። ጤነኛና ከ50 ኪሎ በላይ ለሆነ አዋቂ በ24 ሰዓት 4 ግራም የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ በ500 ሚ.ግ ፍሬ 8 ፍሬ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ከ1 ግራም (2 ፍሬ) አይበልጥም፣ በሁለት መጠኖች መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆያል፤ 6 ሰዓት ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ፣ ብዙ አልኮል ለሚጠጣ፣ የጉበት በሽታ ላለበት፣ በሕመሙ ምክንያት ለቀናት ምግብ ላልቀመሰ ሰው 3 ግራም፣ አንዳንዴም 2 ግራም ነው የሚባለው፤ እሱን ከሐኪም ጋር መወሰን ይገባል።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ጉበት ከፓራሲታሞሉ ጥቂቱን ወደ መርዛማ ነገር ይቀይረዋል፣ ያንኑ መርዝ ደግሞ ግሉታታዮን በሚባል ንጥረ ነገር ያመክነዋል። መጠኑ ሲበዛ ወይም ሰውየው ተርቦ ግሉታታዮኑ ሲያልቅ መርዙ የጉበትን ሕዋሳት ይገድላል። ትልቁ ተንኮል በመጀመሪያው ቀን ምንም ምልክት ላይኖር መቻሉ ነው። ትንሽ ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በአንቲባዮቲኩ ይሳበባል። ማርከሻው (አሲታይልሲስቲን) በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ከተጀመረ ነው። ስለዚህ ከመጠን በላይ መዋጡ ከታወቀ «ደህና ነኝ» ቢልም መጠበቅ የለም።

ደግሞ የሚበዛው ችግር አንድ ዓይነት ፍሬ በብዛት መዋጥ አይደለም። ፓራሲታሞል በሦስት ስም ሲገባ ነው። የጉንፋን ዱቄት፣ የሌሊት ጉንፋን ሽሮፕ፣ ከኮዴይን ጋር የተቀመመ ፍሬ፣ የጡንቻ ማላቀቂያ ተብሎ የሚሸጥ ድብልቅ፣ በእነዚህ ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል አለ። በአንዳንድ አገር ማሸጊያ ላይ «አሲታሚኖፌን» ተብሎ ይጻፋል፤ ያው እሱው ነው። የፊቱን ስም ትታችሁ ካርቶኑን ገልብጡትና በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ዋና ንጥረ ነገር አንብቡ።

የሌሊት_ተረኛ
እስካሁን የተባለው ለፔኒሲሊን ቤተሰብና ለሴፋሎስፖሪኖች (ሴፋሌክሲን፣ ሴፊክሲም) ያለ ብዙ ለውጥ ይሠራል። ነገሩ የሚለወጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲን ሲታዘዙ ነው። አራት ነገር አለ፣ አራቱም ከማስታገሻ ጋር ይገናኛሉ።

አንደኛ፣ እነዚህ መድኃኒቶች የአንጎልን መነቃቃት የሚያረግበውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ተቀባይ በጥቂቱ ይዘጋሉ። አይቡፕሮፌንና ዘመዶቹ (ዳይክሎፌናክ፣ ናፕሮክሰን) ሲጨመሩ ይህ ጸባይ ይብሳል፣ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥም ሊያስከትል ይችላል። ለጤነኛ ወጣት ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። የሚጥል በሽታ ላለበት፣ ስትሮክ መትቶት ለሚያውቅ፣ ኩላሊቱ ለደከመ ወይም በዕድሜ ለገፋ ሰው ግን ፓራሲታሞል ብቻ ይበቃል። ትራማዶልም (ጠንካራ ማስታገሻ ነው) በራሱ እንዲህ ያለ መንቀጥቀጥ ስለሚያመጣ ከእነዚህ ጋር አይመከርም።

ሁለተኛ፣ ካፌይን። ሲፕሮፍሎክሳሲን ካፌይንን የሚያስወግደውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል። «ኤክስትራ» የሚባሉት የፓራሲታሞል ፍሬዎች በእያንዳንዳቸው 65 ሚ.ግ ካፌይን አላቸው፤ ሁለት ፍሬ 130 ነው። ሰውነት ሳያስወግደው ስለሚቆይ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ለሚወስድ ሰው ተራውን፣ ካፌይን የሌለበትን ፓራሲታሞል ስጡት። ሌቮፍሎክሳሲን በዚህ ረገድ እምብዛም ችግር የለበትም።

ሦስተኛ፣ ያው ኢንዛይም ቲዛኒዲን የተባለውን የጡንቻ ማላቀቂያም ያስወግዳል። ለወገብ ሕመም ይታዘዛል፣ ቤት ውስጥ ተርፎም ይገኛል። ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር ፈጽሞ አይወሰድም፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ይጨምርና ግፊት ዘጭ ይላል፣ ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል።

አራተኛው ጅማት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ለዚህ ቤተሰብ በጥቁር ሣጥን የሚታተመውን ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ ያደረገው በጅማት መቆጣትና መበጠስ ምክንያት ነው። ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ሲታመም ሰው የሚያደርገው አይቡፕሮፌን ውጦ መራመድ ነው። ትክክለኛው መድኃኒቱን ማቆም፣ እግሩን ማሳረፍና ያዘዘውን ሐኪም ወዲያው ማነጋገር ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ወይም ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ላይ አደጋው ይጨምራል።

ብልቃጥ
ምስጋና ለሁላችሁም። «ሁለት ሰዓት አራርቁ» የሚለውስ?

የሌሊት_ተረኛ
እሱ የብረታ ብረት ጉዳይ ነው። ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ አሉሚኒየም፣ ብረትና ዚንክ ከሲፕሮፍሎክሳሲን ቤተሰብና ከዶክሲሳይክሊን ቤተሰብ ጋር አንጀት ውስጥ ተጣብቀው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። አንቲባዮቲኩ ተውጧል፣ ግን በሰገራ ወጥቷል። ከማስታገሻ ጋር የሚገናኘው በሁለት በር ነው፦ አይቡፕሮፌን ጨጓራ ሲያቃጥል ሰው አንታሲድ (የጨጓራ አሲድ ማርገቢያ) ይደርባል፤ ወይም «ጨጓራ የማይጎዳ» ተብሎ ማግኒዥየምና ካልሲየም የተቀላቀለበት አስፕሪን ይወስዳል።

ለሲፕሮፍሎክሳሲን ደንቡ አንታሲዱ ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከተወሰደ 6 ሰዓት በኋላ ነው። በሰዓት ስናየው፦ አንቲባዮቲኩ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት የሚወሰድ ከሆነ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ለአንታሲድ ክፍት የሆነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ቃር ቢነሳ አንታሲዱ የማታውን መጠን ያበላሻል። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ማስታገሻውን ወደ ፓራሲታሞል መቀየር ይቀላል፤ ጨጓራ አያቃጥልም፣ አንታሲድም አያስፈልግም። ጨጓራውን የግድ መጠበቅ ካስፈለገ ኦሜፕራዞል እንዲህ አይጣበቅም።

ወተት ለሲፕሮፍሎክሳሲን ያው ነው፦ መድኃኒቱ በወተት ብቻ አይዋጥ። ለአሞክሲሲሊን ምንም አያደርገውም።

ኩላሊት_ጠባቂ
እኔ የምቃወመው «አይቡፕሮፌን ለጤነኛ ሰው ችግር የለውም» ተብሎ በቀላሉ መታለፉን ነው። አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ሰው በዚያ ሳምንት ጤነኛ አይደለም። ትኩሳት አለው፣ ያልበዋል፣ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አንቲባዮቲኩ ራሱ ሊያስቀምጠው ወይም ሊያስመልሰው ይችላል። ውኃ ሲጎድል ኩላሊት ደም የሚያገኘው ፕሮስታግላንዲን የተባሉት ኬሚካሎች የደም ሥሩን ከፍተው ስለሚይዙለት ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚዘጉት ልክ እነሱን ነው። ሽንት ከቀነሰ፣ ቀለሙ ከጠቆረ፣ ሲቆሙ ካዞረ፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ፣ እስኪሻል ድረስ አይቡፕሮፌን አይወሰድም።

የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት የበለጠ ይጠንቀቁ። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን፣ በላዩ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ በዚያ ላይ አይቡፕሮፌን፦ ሦስቱ ሲደመሩ ኩላሊትን በቀናት ውስጥ ሊጥሉት ይችላሉ። አራተኛ ሆኖ ኮትሪሞክሳዞል የተባለው አንቲባዮቲክ ከገባ ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከፍ ይላል። ኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ያለው ትራይሜቶፕሪም ኩላሊት ፖታሲየምን እንዳያስወግድ ያደርጋል፣ ኢናላፕሪልም ያንኑ ያደርጋል፣ አይቡፕሮፌንም ያግዛቸዋል። ከፍ ያለ ፖታሲየም ብዙውን ጊዜ አይታወቅም፤ መጀመሪያ የሚታየው የጡንቻ ድካም ወይም የልብ ምት መዛባት ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ፓራሲታሞል ብቻ።

ጄንታማይሲን ወይም ቫንኮማይሲን በመርፌ እየወሰደ ያለም እንዲሁ። መርፌው ራሱ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ቤት ሲመለስ ዳይክሎፌናክ መዋጥ የለበትም።

የመደርደሪያ_ሰው
@ኩላሊት_ጠባቂ ትክክል ነህ፣ ከላይ የጻፍኩት በደንብ ለሚጠጣና ለሚሸና ሰው ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት፦ እ.ኤ.አ. በ2019 የፈረንሳይ የመድኃኒት ደኅንነት ተቋም አይቡፕሮፌንና ኬቶፕሮፌን የቆዳና የሥጋ ኢንፌክሽንን፣ የሳንባንም፣ ሊያባብሱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። ክርክሩ መድኃኒቱ ራሱ ያባብሳል ወይስ ምልክቱን ሸፍኖ ሕክምናውን ያዘገያል የሚል ነው። ለእኔ የቆዳ ኢንፌክሽን ሲሆን ወይም ልጅ ጉድፍ (የዶሮ ፈንጣጣ) ሲይዘው ፓራሲታሞልን መምረጥ ምንም አያጎድልም።

ሐሩር
ታዲያ ትኩሳቱን ጨርሶ ማውረዱ ራሱ ስህተት አይደለም? አንቲባዮቲኩ እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን?

የሌሊት_ተረኛ
ትኩሳት ማውረድ አንቲባዮቲኩን አያዳክምም። ሰው ከተመቸው ይጠጣል፣ ይተኛል፤ ዓላማው እሱ ነው እንጂ ቴርሞሜትሩን 37 ላይ መቸንከር አይደለም። ሰውየው 38.3 ሆኖ ምቾት ካለው ምንም መስጠት ግድ አይደለም።

ለማወቅ ግን ቀላል ዘዴ አለ፦ ሙቀቱን ከማስታገሻው *በፊት* ለኩት፣ ሰዓቱን ጨምራችሁ ጻፉት። ከተዋጠ በኋላ የሚለካው የማስታገሻውን ሥራ ነው የሚነግራችሁ። ከመዋጥ በፊት ያሉትን ቁጥሮች አስተያዩ፤ ትናንት ማታ 39.2፣ ዛሬ ጠዋት 38.6፣ ዛሬ ማታ 38.0 ከሆነ እየሠራ ነው። 48 ሰዓት አልፎት ቁጥሩ እዚያው ከቆመ፣ ወይም ማስታገሻ የሚፈለግበት ሰዓት ከመራራቅ ይልቅ እየተቀራረበ ከመጣ፣ ያዘዘው ሐኪም ይነገረው። እስከ 72 ሰዓት መጠበቅ የሚቻለው ሌላው ነገር ሁሉ እየተሻሻለ ከሆነ ነው።

አንገት መግተር፣ ግራ መጋባት፣ ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ፣ ትንፋሽ መቆራረጥ ካለ 48 ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

ሚዛን
የልጆች ነገር ሳይነሳ እንዳይታለፍ። ለልጅ በዕድሜ መገመት ትተን በኪሎ ነው የምናሰላው። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚ.ግ፣ በየ4–6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ ያልበለጠ። አይቡፕሮፌን በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚ.ግ፣ በየ6–8 ሰዓቱ፣ ከ3 ወር በላይና ከ5 ኪሎ በላይ ለሆነ ሕፃን ብቻ።

የሚያሳስተው የሽሮፑ ጥንካሬ ነው። 12 ኪሎ ልጅ፣ በኪሎ 15 ሲባዛ 180 ሚ.ግ ፓራሲታሞል። ብልቃጡ ላይ «120 ሚ.ግ በ5 ሚ.ሊ» ከተባለ 7.5 ሚ.ሊ ይሆናል። «250 ሚ.ግ በ5 ሚ.ሊ» ከሆነ ግን 3.6 ሚ.ሊ ነው። በጠብታ የሚሰጠው «100 ሚ.ግ በ1 ሚ.ሊ» ከሆነ 1.8 ሚ.ሊ ብቻ። ያው ልጅ፣ ያው መድኃኒት፣ ሦስት የተለያየ ልክ። የጠብታውን ብልቃጥ እንደ ሽሮፕ ቆጥሮ 7.5 ሚ.ሊ የሰጠ ሰው 750 ሚ.ግ ሰጥቷል፤ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። የአይቡፕሮፌን ሽሮፕ «100 ሚ.ግ በ5 ሚ.ሊ» ሲሆን ለዚሁ ልጅ በኪሎ 10 ቢሰላ 6 ሚ.ሊ።

የወጥ ቤት ማንኪያ አትጠቀሙ፤ የሚይዘው ከማንኪያ ማንኪያ ይለያያል። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ውሰዱ፣ ለአንቲባዮቲኩ አንድ፣ ለማስታገሻው ሌላ፣ በላያቸው ላይ በማይጠፋ ቀለም ጻፉ። ሁለቱንም ብልቃጥ በደንብ ነቅንቁ፤ ሳይነቀነቅ የሚሰጥ ሽሮፕ መጀመሪያ ላይ ውኃ፣ መጨረሻ ላይ ዝቃጭ ነው። ሁለቱን ወተት ጡጦ ውስጥ ቀላቅሎ መስጠትም አይሆንም፤ ልጁ ግማሹን ቢተው ምን ያህል እንደገባ አይታወቅም።

ከ16 ዓመት በታች አስፕሪን አይሰጥም (ራይ ሲንድሮም በሚባል፣ አንጎልንና ጉበትን በሚያጠቃ በሽታ ምክንያት)። ከ3 ወር በታች ሆኖ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የተለካ ሕፃን በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ ማስታገሻ ሰጥቶ መጠበቅ የለም።

ሐሩር
ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን እያፈራረቁ መስጠትስ? የሚያደርጉት ብዙ ናቸው።

ሚዛን
አልወደውም። መድኃኒቶቹ አይጣሉም፤ የሚሳሳተው ሰጪው ነው። አንዱ በየ6፣ ሌላው በየ8፣ አንቲባዮቲኩ በየ12 ሰዓት፤ ሌሊት አባት ሰጥቶ ጠዋት እናት ትደግማለች። በአንዱ ጀምሩ። ልጁ ከመጠኑ በኋላ ሳይሻለው ቀጣዩ ሰዓት ገና ሩቅ ከሆነ ብቻ ሁለተኛው ይግባ፣ ያኔም በወረቀት ላይ፦ ሰዓት፣ መድኃኒት፣ ሚ.ሊ፣ የሰጠው ሰው ስም። ወረቀቱ ብልቃጦቹ ያሉበት ቦታ ይለጠፍ። ከወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ አልተሰጠም ብሎ መገመት አይቻልም፤ ተጠያየቁ።

ልጁ ሽሮፑን በ30 ደቂቃ ውስጥ ካስመለሰው ፓራሲታሞሉን መድገም ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከሆነ እስከሚቀጥለው ሰዓት ይጠበቃል። ለአንቲባዮቲኩ ግን ፋርማሲስቱን ጠይቁ፤ በየመድኃኒቱ ይለያያል።

የመደርደሪያ_ሰው
የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

ሜትሮኒዳዞል፦ ከፓራሲታሞልም ከአይቡፕሮፌንም ጋር ይሄዳል። ችግሩ አልኮል ነው፤ አንዳንድ የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች አልኮል አለባቸው፣ ጀርባቸውን አንብቡ። መከልከሉ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ሁለት ሦስት ቀን ይቀጥላል።

ዶክሲሳይክሊን፦ ከማስታገሻ ጋር አይጣላም፣ ግን ፍሬው ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም እንዲሁ። ሁለቱን በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ ወዲያው መተኛት የጉሮሮ ቧንቧ ቁስል መጋበዝ ነው። ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ቁጭ ወይም ቆም ብሎ፣ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ አለመጋደም። የማታውን መጠን ከእራት ጋር አድርጉት እንጂ ለመኝታ ሰዓት አታቆዩት።

ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፦ ለተራ ማስታገሻ ግድ የላቸውም፤ ለማይግሬን ከሚወሰደው ኤርጎታሚን ጋር ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ኤርጎታሚኑ በደም ውስጥ ተከማችቶ የእጅና የእግር ደም ሥሮችን ይዘጋል፤ ጣት እስከመቁረጥ ያደርሳል። ኤርጎታሚን ብዙ ጊዜ ከካፌይን ጋር ተቀላቅሎ «የራስ ምታት» ተብሎ ስለሚሸጥ ሰው ተራ ማስታገሻ ይመስለዋል።

ፍሉክሎክሳሲሊን፦ ከተከታታይ ፓራሲታሞል ጋር ለረጅም ቀናት ሲወሰድ፣ በተለይ ኩላሊቱ የደከመ፣ የተጎዳ ሰውነት ያለው ወይም አዛውንት ላይ፣ ደም አሲድ እንዲሆን ያደርጋል። ትንፋሹ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከፈጠነና እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሐኪም ይየው። ይህ ብዙ ባለሙያም አያውቀውም።

የቲቢ መድኃኒት (አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲን፣ ፒራዚናማይድ)፦ ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል አልፎ አልፎ ይወሰዳል፤ በየቀኑ ሙሉ መጠን ግን ያለ ሐኪም አይሆንም። ፒራዚናማይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ አድርጎ መገጣጠሚያ ያሳምማል፤ ያንን ሕመም ራስን በራስ ከማስታገስ በፊት ለሚከታተላችሁ የጤና ባለሙያ ንገሩ።

ሊኔዞሊድ፦ አፍንጫ የሚከፍት ሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን ፍሬ ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ከፍ ያደርጋል። ትራማዶልም አይሆንም።

ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የሚወስድ ሰው አንቲባዮቲክ ሲታዘዝለት፦ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን አይነኩ። ፓራሲታሞል ይመረጣል፣ እሱም ቢሆን በቀን 2 ግራምና ከዚያ በላይ ለብዙ ቀን ከተወሰደ ደሙን የበለጠ ሊያቀጥነው ይችላል፤ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞልም ያቀጥኑታል። የደም መርጋት ምርመራው (አይኤንአር) አንቲባዮቲኩ በተጀመረ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይደገም።

ብልቃጥ
ነፍሰ ጡር ከሆነችስ?

የሌሊት_ተረኛ
ፓራሲታሞል፣ በሚያስታግሰው ትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ አይመከሩም፤ የፅንሱን ኩላሊት ስለሚነኩ የሽርት ውኃው ይቀንሳል፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ደግሞ ከመወለድ በፊት ክፍት መሆን ያለበትን የልብ ቧንቧ ይዘጋሉ። ለምታጠባ እናት ሁለቱም፣ ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም፣ ይሆናሉ።

ኩላሊት_ጠባቂ
ሽፍታ ቢወጣ የትኛው እንዳመጣው ለመለየት የሚረዳ አንድ ነገር፦ ከዚህ በፊት ወስዶት የማያውቀውን ማስታገሻ ከአዲስ አንቲባዮቲክ ጋር በአንድ ሰዓት አትጀምሩ። የለመደውን ማስታገሻ ይውሰድ። ያለዚያ ሁለቱንም «አይስማማኝም» ብሎ ዕድሜ ልኩን ይተዋቸዋል፤ የፔኒሲሊን አለርጂ አለበት ተብሎ ያለ ምክንያት የተመዘገበ ሰው ብዙ ነው። አስም ያለበትና አስፕሪን ሲወስድ የሚታፈን ሰው አይቡፕሮፌንም ያፍነዋል፣ እሱን መሞከር አያስፈልግም።

ከንፈር ወይም ምላስ ማበጥ፣ መታፈን፣ መላ ሰውነት ላይ የሚያሳክክ እብጠት በደቂቃዎች ውስጥ ከመጣ ድንገተኛ ነው። አፍና ዓይን ውስጥ ቁስል፣ ቆዳ ውኃ ቋጥሮ መላጥ ደግሞ ቀስ ብሎ በቀናት ይመጣል፤ ኮትሪሞክሳዞልም አይቡፕሮፌንም ሊያመጡት ይችላሉ። ሁለቱም ይቁሙና በዚያው ቀን ሆስፒታል።

የብልቃጥ ጥያቄ ላይ ያለው ክላቩላኒክ አሲድ ራሱን የቻለ ጠባይ አለው፦ ጉበትን ሊያስቆጣ ይችላል፣ አንዳንዴም መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ሰውነት ያለ ሽፍታ ካሳከከ ፓራሲታሞሉ ይቁም፣ የጉበት ምርመራ ይደረግ። ለሐኪሙም ያለቀውን አንቲባዮቲክ ስም ንገሩት፤ ካልተነገረው አይገምተውም።

ብልቃጥ
የመጨረሻ ጥያቄ። በ3ኛው ቀን ሕመሙ ቢጠፋ?

የመደርደሪያ_ሰው
ማስታገሻው ሕመም ሲኖር ብቻ ነው፤ ሕመሙ ከጠፋ በዚያው ሰዓት ይቆማል፣ ቀስ በቀስ መቀነስ የለበትም። አንቲባዮቲኩ ግን ያዘዘው ሐኪም ካላሳጠረው በቀር እስከ 7ኛው ቀን ይሄዳል። አንድ መጠን ከተረሳ ሲታወስ ይወሰዳል፤ ቀጣዩ ሊደርስ ከሆነ ግን የተረሳው ይዘለላል እንጂ ሁለት በአንድ ጊዜ አይዋጥም። ለጥርሱም ቀጠሮ ይያዝ።

ብልቃጥ
ተይዟል፣ ለሐሙስ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሚዛን
ሐሙስ ዕለት ለጥርስ ሐኪሙ የተወሰዱትን ሁሉ በሰዓታቸው ንገረው፤ በተለይ በዚያ ቀን አስፕሪን ተወስዶ እንደሆነ። ጥርስ ሲነቀል የደሙ መቆም እሱ ላይ ይወሰናል። ሐኪም ለልብ ያዘዘው አስፕሪን ከሆነ ግን ሳይጠይቅ እንዳያቆመው።